ባለ 21 አሃዙ ቁጥርና የሦስት ዓመት እሑዶች

«መሥራት ከባድ ነው፤ ማፍረስ ቀላል ነው» ሲባል የኖረ ነገር ነው። ቤት ለመሥራት ዓመት ይፈጃል፤ ለማፍረስ አንድ ቀን ይበቃል። ማኅበርም፣ ዕድርም፣ ኮሚቴም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ በስደት አገር ጥቂት የቆየ ሰው ይህን በዓይኑ ስላየው ማስረጃ አያሻውም።

በቁጥሮች ዓለም ግን ሕጉ ይገለበጣል። ሁለት ቁጥሮችን አባዝቶ አንድ ትልቅ ቁጥር መሥራት የተማሪ ሥራ ነው። የተሠራውን ቁጥር መልሶ ወደ ሁለቱ መበተን ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይቻልም። ይህ የተገላቢጦሽ ነገር የምሁራን ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ አንድ ሰው ከዋሽንግተን ወይም ከሮም ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ፣ ምሥጢሩን ከሚጠብቁለት ዘበኞች አንዱ ይኸው የቁጥር ጠባይ ነው። ነገሩን ለመረዳት አንድ ቁጥር ይዞ መነሣት ይሻላል። ቁጥሩ ይኸውና፦

147,573,952,589,676,412,927

ሃያ አንድ አሃዝ አለው። ለአንድ የፈረንሳይ መነኩሴ ስሕተት የሆነ፣ ለአንድ የሂሳብ መምህር እንቆቅልሽ የሆነ፣ የአንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰርን ሰንበቶች የበላ ቁጥር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስንዴው ተረት

የቼዝ ገበታውንና የስንዴውን ተረት የማያውቅ ጥቂት ነው። ንጉሡ በአዲሱ ጨዋታ እጅግ ተደስቶ ፈልሳፊውን «የፈለግኸውን ጠይቅ» ቢለው፣ ሰውዬው «በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ ስንዴ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲሁ እጥፍ እየተደረገ እስከ 64ኛው ቤት ይሰጠኝ» አለ። ንጉሡ «ይህችን ብቻ?» ብሎ ሳቀ። ጸሐፊዎቹ አስልተው ሲመለሱ ግን በመንግሥቱ ጎተራ ሁሉ ያለው እህል እንደማይበቃ ታወቀ። ድምሩ 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ነበርና።

በዚህ ድምር ውስጥ አንድ ደስ የሚል ሕግ አለ። 1 እና 2 ሲደመሩ 3 ናቸው፤ ከሚቀጥለው ቤት፣ ማለት ከ4፣ በአንድ ያንሳሉ። 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ናቸው፤ ከ8 በአንድ ያንሳሉ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ የማንኛውም ገበታ ድምር «እጥፉ፣ ሲቀነስ አንድ» ነው። ገበታው 64 ቤት መሆኑ ቀርቶ 67 ቤት ቢኖረው ኖሮ፣ የስንዴው ድምር ከላይ የተጻፈው ባለ 21 አሃዝ ቁጥር በትክክል ይሆን ነበር። የቁጥሩ አሠራር ይኸው ነው፤ 67 ሁለቶችን ማባዛት፣ ከዚያ አንድ መቀነስ።

እጥፍ የማድረግ ዘዴ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። በውጭ አገር የሂሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ፤ ሌሎች «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» ይሉታል፤ በእጥፍ የማባዛት ሥርዓት በጥንታዊ ግብፃውያን ፓፒረስ ላይም ይገኛል። ለምሳሌ 13 ሰዎች እያንዳንዳቸው 24 ዶላር ቢያዋጡ ስንት ይሆናል? በግራ በኩል 13ን እያጋመሱ፣ ጎዶሎዋን እየጣሉ ይጻፋል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ በኩል 24ን እጥፍ እያደረጉ ይጻፋል፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ በግራ ሙሉ ቁጥር፣ ማለት ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ካለበት፣ ያ መስመር ይሰረዛል። እዚህ ላይ 6 ስላለ 48 ይወጣል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ። የማባዣ ሠንጠረዥ አላስፈለገም፤ ማጋመስና ማጠፍ የሚችል ሰው ሁሉ ነጋዴ መሆን ይችላል። ይህች የማጋመስና የማጠፍ ብልኀት ኋላ ላይ እንደገና ስለምትመጣ በልብ ትያዝ።

የመነኩሴው ዝርዝር

በትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» የሚባል ነገር ሁሉም ተምሯል። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ቁጥር ነው። 7 ብቸኛ ነው፤ 15 ግን 3 ጊዜ 5 ስለሆነ አይደለም። ብቸኛ ቁጥሮች የቁጥሮች ሁሉ ጡቦች ናቸው፤ የቀረው ቁጥር ሁሉ ከእነርሱ ብዜት ይሠራል።

ከስንዴው ገበታ የሚወጡት ድምሮች አንዳንዶቹ ብቸኛ ናቸው፦ 3፣ 7፣ 31፣ 127። የጥንቱ ግሪካዊ ኤውክሊድ ከ2,000 ዓመታት በፊት እነዚህ ቁጥሮች «ፍጹም ቁጥር» እንደሚወልዱ አሳየ። ፍጹም የሚባለው የገዛ አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው እርሱኑ የሚሰጡ ቁጥር ነው። 6 እንዲህ ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ናቸው። 28ም እንዲሁ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ናቸው። ቅዱስ አውግስጢኖስ እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን የፈጠረበትን ነገር ከ6 ፍጹምነት ጋር አያይዞ ጽፏል። እንግዲህ እነዚህን ቁጥሮች መፈለግ ለጥንት ሰዎች የሂሳብ ብቻ ሳይሆን የመንፈስ ጉዳይም ነበር ማለት ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማራን መርሴን የሚባል መነኩሴ በፓሪስ ይኖር ነበር። ይህ ሰው ከዴካርትና ከፌርማ፣ ከሌሎችም የዘመኑ ሊቃውንት ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። የአንዱን ግኝት ለሌላው ያስተላልፋል፤ የሳይንስ መጽሔት ባልነበረበት ዘመን የእርሱ ክፍል እንደ ማተሚያ ቤትና እንደ ፖስታ ቤት ሆና ታገለግል ነበር። በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የትኞቹ የስንዴ ድምሮች ብቸኛ እንደሆኑ ዘረዘረ። እስከ 257 ባሉት ቤቶች ውስጥ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አለ። ማስረጃ አላቀረበም። ሊያቀርብም አይችልም ነበር፤ በእጅ ተሠልቶ የማያልቅ ነገር ነውና።

አንድ ወጥመድ መኖሩ ግን ይታወቅ ነበር። የቤቶቹ ብዛት ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ድምሩም ብቸኛ አይሆንም። የቤቶቹ ብዛት ብቸኛ ሆኖ ሳለም ድምሩ ሊበተን ይችላል። 11 ብቸኛ ነው፤ ባለ 11 ቤት ገበታ ድምር 2,047 ግን 23 ጊዜ 89 ነው። ስለዚህ 67 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ምንም ዋስትና አይሰጥም።

መነኩሴው በዝርዝሩ አምስት ስሕተቶች ሠርቷል። 61፣ 89 እና 107ን ዘለላቸው፤ 67ን እና 257ን ደግሞ ያለ ቦታቸው አስገባቸው። ዝርዝሩ በሙሉ ተጣርቶ ያለቀው ግን በ1947 ነው። ከ300 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስሙ ግን አልጠፋም፤ እነዚህ ቁጥሮች ዛሬም «የመርሴን ቁጥሮች» ይባላሉ።

ሳይከፍቱ ማወቅ

የባለ 21 አሃዙ ቁጥር ጉድ የወጣው በ1876 ነው። ኤዱዋር ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ የሂሳብ መምህር ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። አስገራሚው ነገር ግን አካፋዮቹ እነማን እንደሆኑ አለማወቁ ነው። «ይህ ቁጥር ይበተናል» አለ፤ «ወደ ምንና ወደ ምን?» ቢባል መልስ አልነበረውም።

ይህ እንዴት ይሆናል? አንድ ሰው የተቆለፈ ሣጥን ወዝውዞ በውስጡ ከአንድ በላይ ዕቃ እንዳለ በድምፁ ሊያውቅ ይችላል፤ ዕቃዎቹ ምን እንደሆኑ ግን ሳይከፍት አያውቅም። ሉካስ ያገኘው ሣጥን የመወዝወዝ ዘዴ ነው። ዘዴውን በኋላ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በ1930 ዓ.ም. አካባቢ አቃንቶ ዛሬ ወደሚታወቅበት መልክ አመጣው። እንዲህ ነው፦ ከ4 ይጀመራል። ቁጥሩ በራሱ ይባዛል፤ 2 ይቀነሳል፤ ውጤቱ ለሚመረመረው ቁጥር ይካፈልና ቀሪው ብቻ ይያዛል። ከዚያ ቀሪውን ይዞ እንደገና መጀመር ነው። ይህ ሥራ ከቤቶቹ ብዛት በሁለት ያነሰ ጊዜ ይደገማል። የመጨረሻው ቀሪ ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ዜሮ ካልሆነ አይደለም።

በትንሹ ቢሞከር፣ የአምስት ቤት ድምር 31 ነው፤ ሥራው ሦስት ጊዜ ይደገማል። 4 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 14። 14 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 194፤ ለ31 ተካፍሎ ቀሪው 8። 8 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪ የለውም። እንግዲህ 31 ብቸኛ ነው። የ11 ቤቱ 2,047 በዚሁ መንገድ ዘጠኝ ጊዜ ቢታሽ የመጨረሻው ቀሪ 1,736 ይሆናል። ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ ይበተናል። 23 እና 89 ግን በስሌቱ ውስጥ የትም አልታዩም።

ለባለ 21 አሃዙ ቁጥር ይህ ሥራ 65 ጊዜ ይደገማል። አድካሚ ነው፤ ግን ያልቃል። አካፋዮቹን ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው።

እሑድ እሑድ

በጥቅምት ወር 1903 የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲው ፕሮፌሰር ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነበሩ። የማኅበሩም ጸሐፊ እርሳቸው ናቸው። የንግግራቸው ርዕስ «ትላልቅ ቁጥሮችን ስለ መበተን» የሚል ነበር።

የሂሳብ ታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ቴምፕል ቤል እንደተረከው፣ ኮል ተጠርተው ሲነሡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቀጥ ብለው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዱ፤ ጠመኔ አንሥተው 67 ሁለቶች ሲባዙ የሚገኘውን ቁጥር አሰሉ፤ ከዚያ አንድ ቀነሱ። ሰሌዳው ላይ 147,573,952,589,676,412,927 ተጻፈ። አሁንም ዝም እንዳሉ ወደ ባዶው የሰሌዳ ክፍል ተሻገሩና እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጻፉ፦

193,707,721 × 761,838,257,287

ከዚያ እንደ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ረድፍ በረድፍ እያባዙ ወረዱ። ሲደምሩት ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ጠመኔውን አስቀመጡ፤ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ተቀመጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጥያቄ የጠየቀ ማንም አልነበረም፤ ምን ይጠየቃል?

ቤል ከዓመታት በኋላ ኮልን «ይህን ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ ፈጀብዎ?» ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው «የሦስት ዓመት እሑዶች» የሚል ነበር።

በዚህ መልስ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። የሦስት ዓመት እሑዶች 156 ገደማ ናቸው። የእነዚህ የመርሴን ቁጥሮች አካፋዮች የታወቀ ጠባይ አላቸው፤ ለ67ቱ ቤት የሚሆን አካፋይ ሁሉ የ134 ብዜት ሲደመር አንድ መሆን አለበት። ይህ ትልቅ ወንፊት ነው፤ የቀረውን የቁጥር መንጋ ሁሉ ያስቀራል። ትንሹ አካፋይ 193,707,721 በእርግጥም 134 ጊዜ 1,445,580 ሲደመር 1 ነው። ግን ከዚህ ወንፊት በኋላም ከታች ተነሥቶ እያንዳንዱን ዕጩ ለመሞከር ከአንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ በላይ ማካፈል ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ እሑድ ከ9,000 በላይ ይደርሳል ማለት ነው። ሰው አይችለውም። ስለዚህ ኮል ወንፊት ላይ ወንፊት እየደረቡ፣ ሊሆኑ የማይችሉትን በጅምላ እያስወገዱ ነው የደረሱበት። እነዚያ እሑዶች የማካፈል ብቻ ሳይሆኑ የማሰብ እሑዶች ነበሩ።

አሁን ሁለቱን ጊዜ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ለማግኘት 156 እሑዶች። ለማረጋገጥ አንዲት ማባዛት፤ ባለ 9 አሃዝ ቁጥር በባለ 12 አሃዝ ቁጥር፣ ማለት 108 ትንንሽ ብዜቶችና ድምር። ትዕግሥት ያለው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል። መንገዱ አንድ ነው፤ ወደዚህ ቁልቁለት፣ ወደዚያ አቀበት።

ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ጓጉንቸር

ከኮል በኋላ ለ70 ዓመታት ያህል ይህ ቁልቁለትና አቀበት ጥቅም ይሰጣል ብሎ ያሰበ ሰው እምብዛም አልነበረም። በ1977 ግን ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ ኤድልማን የተባሉ ሦስት የኤም አይ ቲ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ለመሥራት ቀላል፣ ለመበተን ከባድ የሆነ ነገር ቁልፍ ሊሆን ይችላል። (እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ኮክስ ተመሳሳይ ሐሳብ በ1973 አግኝቶ ነበር፤ ለመንግሥት የምሥጢር መሥሪያ ቤት ይሠራ ስለነበር ነገሩ እስከ 1997 ታፍኖ ቆየ።)

ከዚያ በፊት የነበረው ችግር ስደተኛ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ደብዳቤ በመንገድ ይከፈታል፤ ስልክ ይጠለፋል። ሁለት ሰዎች በምሥጢር ለመጻጻፍ አስቀድመው በአካል ተገናኝተው «እንዲህ ስል እንዲህ ማለቴ ነው» መባባል ነበረባቸው። ሳይመካከር የወጣ ሰውስ? ድንበር ከተሻገረ በኋላ የሚመካከረው በዚያው በሚከፈተው ደብዳቤ ነው። ቁልፉን ከሣጥኑ ጋር በአንድ መልእክተኛ እንደ መላክ ይሆናል።

አዲሱ ዘዴ ይህን ቋጠሮ ፈታው። አንዲት እናት ክፍት ጓጉንቸር ለልጇ ላከች እንበል፤ ቁልፉን ግን በቤቷ አስቀረች። ጓጉንቸሩን መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ይየው፤ ምንም አይጠቅመውም። ልጁ ደብዳቤውን በሣጥን አድርጎ በእናቱ ጓጉንቸር ጠቅ ያደርገዋል። አንዴ ከተቆለፈ ራሱ ልጁም መልሶ ሊከፍተው አይችልም። የምትከፍተው እናቲቱ ብቻ ናት። በሂሳቡ፣ ክፍቱ ጓጉንቸር ትልቁ ብዜት ነው፤ ለሁሉም ይታያል። ቁልፉ ደግሞ ብዜቱ የተሠራባቸው ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ሰላይ ብዜቱን አይቶ ሁለቱን ማግኘት ከቻለ ቁልፉን አገኘ፤ ካልቻለ ሣጥኑን ታቅፎ ይቀራል።

መቆለፉና መክፈቱ ግን ግዙፍ ቁጥሮችን ደጋግሞ በራሳቸው ማባዛትን ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ ይህን በቶሎ የሚጨርሰው በምን ይመስላል? ከላይ በታየችው የማጋመስና የማጠፍ ብልኀት ነው። ልዩነቱ ገበያተኛው እጥፍ በሚያደርግበት ቦታ ማሽኑ ቁጥሩን በራሱ ማባዛቱ ብቻ ነው። የ13 ሰዎችን መዋጮ ያሰላው ዘዴ የዛሬውን የምሥጢር ሣጥን ይቆልፋል።

አጥንት ሰባሪው አሞራ

ሦስቱ ሰዎች በዘዴያቸው እጅግ ተማምነው ነበር። በነሐሴ 1977 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ፣ በማርቲን ጋርድነር ዓምድ፣ ባለ 129 አሃዝ ቁጥርና በእርሱ የተቆለፈ አጭር መልእክት ቀረበ። ለሚፈታው ሰው 100 ዶላር ሽልማት ተመደበ። ሪቨስት ቁጥሩን ለመበተን 40 ኳድሪሊዮን ዓመት እንደሚፈጅ ገምተው ነበር። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ካለፈው ዘመን እጅግ የሚበልጥ ነው።

በ1994 በሚያዝያ ወር ቁጥሩ ተበተነ። 17 ዓመት ብቻ ቆየ። የፈታው ግዙፍ መንግሥት አልነበረም። 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች በልዩ ልዩ አገር ተቀምጠው፣ ሥራውን በኢሜይል ተከፋፍለው፣ ኮምፒዩተሮቻቸውን ለስምንት ወር ያህል አሠርተው ነው። ሣጥኑ ሲከፈት በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ወጣ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «አስማተኞቹ ቃላት ቶሎ የሚቀፈው አጥንት ሰባሪ ናቸው» እንደ ማለት ነው። ትርጉም ያለው ነገር አይደለም፤ ለቀልድ የተመረጠ ነው። አጥንት ሰባሪ የተባለው ግን በሰሜን ተራሮች ላይ የሚያንዣብበው፣ አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ ጥሎ የሚሰብረው ባለጺሙ አሞራ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ወፍ በዚያ ሣጥን ውስጥ 17 ዓመት ታስሮ መክረሙን የሚያውቅ ሐበሻ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ «አይቻልም» የተባለ ነገር ብዙ እጅ ሲተባበርበት ይቻላል። ሁለተኛው፣ ቁልፍ ሁሉ ዕድሜ አለው። ግምቱ የተሳሳተው ማሽን ስለ ፈጠነ ብቻ አይደለም፤ እንደ ኮል የተሻለ ወንፊት የሚሠሩ ሰዎች ስለ ተነሡም ጭምር ነው። በ2020 ደግሞ ባለ 250 አሃዝ ቁጥር ተበትኗል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ቁጥሮች 617 አሃዝ ያህል ርዝመት ያላቸው ናቸው፤ እስካሁን በይፋ የበተናቸው የለም። ሆኖም ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ በዚያው በ1994፣ ኳንተም የሚባለው ዓይነት ኮምፒዩተር በበቂ መጠን ከተሠራ እነዚህን ቁጥሮች በቀላሉ እንደሚበትን አሳይቷል። የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤትም ለዚያ ቀን የሚሆኑ፣ በመበተን ላይ ያልተመሠረቱ አዳዲስ ቁልፎችን በነሐሴ 2024 አውጥቷል።

ሌባው የሚመጣበት በር

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። በየማኅበረሰቡ ገንዘቡን የተዘረፈ ሰው ሲገኝ፣ ሌባው ባለ 617 አሃዝ ቁጥር በትኖ አይደለም የገባው። ያንን ማንም አልቻለም። ደውሎ፣ በትሕትና ወይም በማስፈራራት፣ «በስልክዎ የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ ነው። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ ባለቤቱ ቁልፉን በእጁ አቀበለ። በተለይ ለአረጋውያን ወላጆች ይህን ደጋግሞ መንገር የልጆች ፈንታ ነው። ቁልፍ ለዘመድም፣ «ከባንክ ነኝ» ለሚልም፣ «ከመንግሥት ነኝ» ለሚልም አይነገርም። የኮል ሦስት ዓመት እሑዶች የሠሩትን ግንብ አንዲት የስልክ ጥሪ ልታፈርሰው ትችላለች። «ማፍረስ ቀላል ነው» የተባለው ነገር፣ ወደ ሰው ሲመጣ፣ እንደገና እውነት ይሆናል።

የዛሬ ኮምፒዩተር ኮልን 156 እሑድ ያስፈጀውን ሥራ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ከ1996 ጀምሮም በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የቤት ኮምፒዩተሮቻቸውን አስተባብረው የመነኩሴውን ዝርዝር እየቀጠሉ ናቸው። በጥቅምት 2024 የተገኘው የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ባለ 136,279,841 ቤት ገበታ ድምር ነው፤ 41,024,320 አሃዞች አሉት። ምርመራው ዛሬም ከሉካስ ሣጥን መወዝወዝ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህን ጋዜጣ ይዞ ምግቡን የሚጠብቅ አንባቢ በናፕኪን ላይ የኮልን ሥራ በአንድ ደቂቃ ሊፈትሸው ይችላል። የ193,707,721 አሃዞች ሲደመሩ 37፤ 3 እና 7 ሲደመሩ 10፤ 1 እና 0 ሲደመሩ 1። የ761,838,257,287 አሃዞች 64 ናቸው፤ ከዚያ 10፤ ከዚያ 1። አንድ ጊዜ አንድ አንድ ነው። የትልቁ ቁጥር አሃዞች ደግሞ 109፤ ከዚያ 10፤ ከዚያ 1። ገጠመ። ይህ ፍተሻ ስሕተትን ያጋልጣል እንጂ እውነትን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም። ሙሉውን የሚፈልግ 108ቱን ብዜቶች መሥራት አለበት። ምግቡ ከዘገየ ጊዜ ይኖረዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ካለም እርሳሱን ለልጁ መስጠት ነው።